አንኮበርን ማን ያሳየን? (ግልጽ ደብዳቤ)

ይድረስ በሰሜን ሸዋ የቱሪዝምና የቅርስ ሥራ በእጃችሁ ላለ ኃላፊዎች፤
እንዲሁም ለአንኮበር ወጣቶችና ወደ አንኮበር ለመሄድ ለምታስቡ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ደብረ ብርሃን የምኖር የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የታሪክ ሰው አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አክስቴን ይዤ አንኮበር ሁለት ጊዜ ስለሄድኩ ነው። ሁለቱንም ጊዜ መኪና በኮንትራት ይዘን፣ አስጎብኚ ቀጥረን፣ ለብቻችን ነው የሄድነው። ቦታው ያው አንድ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ያየነው ግን አንድ ግድግዳ ነው። በሁለተኛው ከተማ አየን። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ሰው ብቻ ነው፤ አስጎብኚው።

እትዬ ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው። እናታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ የአንኮበር ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ወጥተው አልተመለሱም። እትዬ ስለ አንኮበር ሲሰሙ ኖረው አንድም ቀን አላዩዋትም ነበር። «ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንዴ ልያት» ይሉኝ ነበር። እኔ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ተቀምጬ እሳቸውን አለመውሰዴ ሲያሳፍረኝ ኖሯል።

የመጀመሪያው ጉዞ በጥር ነበር፣ ከጥምቀት በኋላ። መኪናውንና አስጎብኚውን አንድ ላይ ከሌላ ከተማ አስመጣን። ዋጋው ቀላል አልነበረም። ልጁ ትሑት ነው። እትዬን ደግፎ ያወርዳል፣ ቦርሳቸውን ይይዛል። ክፋት አላየሁበትም። አንኮበርን ግን አያውቃትም። ስልኩን ያወጣና ያነብልናል። ግድግዳው ጋ ስንደርስ «ይህ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው፤ ምኒልክ የተወለዱት እዚህ ነው» አለን።

እትዬ ቀና ብለው አዩት። «አንጎለላ አይደለም እንዴ ልጄ?» አሉት።

ልጁ ደነገጠ። ስልኩን እንደገና አየ። ቆየት ብሎ ደግሞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን የምኒልክ አባት አደረጋቸው። እትዬ «አያታቸው ናቸው፤ አባታቸው ኃይለ መለኮት ናቸው» አሉና ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም። ፎቶ ተነሣን። ምሳ በላን። ተመለስን። ግድግዳው ጋ የቆየነው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

በጣም ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ያ መኪና ጠዋት እትዬን ከአዲስ አበባ ይዞ ሲመጣ ጫጫን አልፎ ነው የመጣው። አንጎለላ እዚያው አጠገብ ናት። ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱባትን፣ ሣህለ ሥላሴ ሁለተኛ መቀመጫቸው ያደረጓትን ቦታ ማንም ሳይነግራቸው አለፏት። ያን ሁሉ መንገድ አልፈው ሄደው ደግሞ የልደቱ ቦታ ሌላ ነው ተባሉ። እትዬ ይህን ባያውቁ ኖሮ ስህተቱን ይዘው ለልጅ ልጅ ያወርሱት ነበር።

እዚህ ላይ ሰው ሊል የሚችለው ይገባኛል። «አንዱ አስጎብኚ ተሳስቶ ይሆናል፤ የትም ያጋጥማል።» አዎ፣ ያጋጥማል። ጎንደር ላይ ግን አስጎብኚው ቢሳሳት የፋሲል ግንብ ቆሞ ይታያል። ላሊበላ ላይ አንደበት የሌለው ሰው ቢመራችሁ ድንጋዩ ራሱ ያስደነግጣችኋል። አንኮበር እንደዚያ አይደለችም። ከመቶ ዓመት በላይ የሸዋ መዲና የነበረችው ከተማ ዛሬ ኮረብታ ናት፤ ጥድ ናት፤ ጉም ናት። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ይህ ነው የማይባል የግንብ ቅሪት ነው። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ነው፤ ከአሮጌው ከተማ ወጣ ያለ ነው። ስለዚህ አንኮበር ሄዶ የሚያይ ሰው የሚያየው የተነገረውን ነው። ካልተነገረው አላየም።

ሁለተኛው ጉዞ በሚያዝያ ነበር። እትዬን ለማግባባት ብዙ ደከምኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአንኮበር ልጅ የሆነ ወጣት አገናኘኝ። ድቁና ተምሯል። ዩኒቨርሲቲም ገብቶ ጨርሷል። ከእንግዳ ጋር መዞር የጀመረው ገና ተማሪ ሳለ ነው።

ይህ ልጅ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አስገረመኝ። ወደ ግድግዳው አልወሰደንም። ጠዋት በሁለት ሰዓት ደብረ ብርሃን መጣና «ከዚሁ እንጀምር፤ አንኮበር ያለ ደብረ ብርሃን አትገባም» አለን። እኔ እኮ እዚሁ ነዋሪ ነኝ! ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወሰደንና ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀመጠን። ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት፣ ከተማዋን እንዴት እንደቆረቆሯት ነገረን። በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብርሃኑ የታየው የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት፣ በንጉሡ ፍርድ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ልጁ ሳይሸፋፍን ነገረን። ንጉሡ ብርሃኑን ፍርዳቸው ትክክል እንደነበር ምልክት አድርገው ወሰዱት። ቀጥሎ ደግሞ «በ1448 ዓ.ም. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ» አለ። እትዬ አማተቡ። ልጁ «እማማ፣ እኔ ሁለቱንም እነግርዎታለሁ፤ እርስዎ ያመኑትን ይያዙ» አላቸው።

ይህን ቃል እባካችሁ ልብ በሉልኝ። ጥሩ አስጎብኚ የሚባለው ይህን የሚል ሰው ይመስለኛል። የተጻፈውን «ተጽፏል» ይላል። አባቶች የነገሩትን «ይባላል» ይላል። ሁለቱን አያደባልቅም። ስለ አንኮበር ስም ስንጠይቀው «አንኮ የምትባል የኦሮሞ ባላባት ሴት ነበረች፤ የአንኮ በር ማለት ነው ይባላል» አለን። «ይባላል» የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ ነው የተናገራት።

ከዚያ መንገዱን ጀመርን። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ያለው አምባ ቀዝቃዛ ነው። ገብስ ነው፣ በግ ነው፣ ነፋስ ነው። አንድ ቦታ ላይ አስቆመን። ጭላዳዎቹ በመንጋ ሆነው ሣር ይነጫሉ። «ትንሽ ዝም ብንል ሌላም እንግዳ ሊመጣ ይችላል» አለ። የአንኮበር ሰሪን የምትባለዋን ትንሽ ቡናማ ወፍ ማለቱ ነው። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የምትገኝ ናት፤ ስሟን ከዚህ ቦታ ወስዳለች። እሷን ለማየት ብቻ ከባሕር ማዶ ባይኖኩላር ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ያን ቀን አልመጣችም። ልጁም አንዲት ሌላ ወፍ አሳይቶን «እሷ ናት» ሊለን ይችል ነበር፤ ማን ያውቃል? አላደረገውም።

አንኮበር ደርሰን ኮረብታውን በቀስታ ወጣን። እትዬ በየመካከሉ ያርፋሉ፤ ልጁ ባረፉ ቁጥር አንድ ነገር ይነግራቸዋል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ግድግዳውን ጀርባችን አድርገን ወደ ምሥራቅ እንድንቆም ነገረን። ጉሙ ቀስ ብሎ ተገለጠ። ከእግራችን ሥር አገሩ እየተቆራረጠ ይወርዳል። ደጋው ያልቃል፣ ወይና ደጋው ያልቃል፣ ከዚያ የአፋር ሜዳ ነጭ ሆኖ ይዘረጋል።

«ለምን እዚህ ከተሙ?» ብሎ ጠየቀን። አስተማሪ ሆኜ ተማሪ ሆንኩ። መልሱ ፊት ለፊቴ ነበር። ይህ በር ነው። ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የሚነሣው ቅፍለት በረሃውን ተሻግሮ፣ አዋሽን አቋርጦ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። ከታች አልዩ አምባ አለ፤ የነጋዴው ከተማ። አሞሌው፣ ጨርቁ፣ ጠመንጃው በዚያ ይገባል፤ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ በዚያ ይወጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ባሪያ። ልጁ ይህንንም ነገረን፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ነገረን። ቀረጡ ለሸዋ ገዢ ነው። እላይ የተቀመጠ ሰው የሚመጣውን ሁሉ ያያል። የሚመጣው ደግሞ ሽቅብ ነው የሚወጣው።

በሸዋው ገዢ በመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ዘመን መቀመጫው ወደዚህ መጣ። ከእሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ከዚያ ሣህለ ሥላሴ። ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሲገዙ መርዕድ አዝማችነቱን ትተው «ንጉሥ» ተባሉ። ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በ1831 ዓ.ም. የመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስም ስጦታ ጭኖ ያንን ሁሉ አቀበት ወጥቷል፤ የንግድና የወዳጅነት ውሉን ግን የተፈራረመው በ1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ነው። ልጁ ይህን ሲነግረን በእጁ መንገዱን ያሳየን ነበር፤ «በዚያ በኩል መጡ፣ በዚህ ወጡ» እያለ። አንድም ግንብ ሳይኖር ሰዎቹ ታዩኝ።

ከዚያ ስለ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነገረን። ኅዳር 1848 ዓ.ም. ነው። ቴዎድሮስ ሸዋ ገብተዋል። ኃይለ መለኮት ታመው ሞተዋል። ልጃቸው ተማርኮ ወደ መቅደላ ይወሰዳል። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ1857 ዓ.ም. ያመልጥና ወደ አባቱ አገር ይመለሳል። ያ ልጅ ምኒልክ ነው። እትዬ ይህን ታሪክ ያውቁታል፤ ግን ቆመውበት ሰምተውት አያውቁም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

መድኃኔ ዓለም ስንሄድ ልጁ አስቀድሞ ደውሎ ነበር። ቄሱ ይጠብቁን ነበር። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ተክሊል ያደረጉት በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ «እናቴ የተጠመቀችውስ?» አሉ። ልጁ አላወቀም፤ እንደማያውቅም ተናገረ። ቄሱ ግን የአያቴን የአባት ስም ጠየቁ። አሰቡ። ከዚያ አንዲት ባልቴት ልከው አስጠሩ። ባልቴቷ የአያቴን ወገን ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለራሴ ላስቀር። ጉብኝቱ ግን በዚያ ለአንድ ሰዓት ተቋረጠ፤ ልጁም ሰዓቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየም።

ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ስለሰጡት ጣቢያና በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ ስለተቀበረው ስለ ጣሊያናዊው አሳሽ ስለ አንቲኖሪም ሰማን። አልወረድንም፤ የእትዬ ጉልበት አልቋል። ልጁም «ሌላ ቀን» አለ።

እንግዲህ ለእናንተ ያለኝ ልመና ከዚህ ይነሣል።

እንዲህ ያለ አስጎብኚ በአጋጣሚ መገኘት የለበትም። እኔ ያገኘሁት ሰው ስለማውቅ ነው። አንድ የማያውቅ እንግዳ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወርዶ «አንኮበርን የሚያሳየኝ ማነው?» ቢል የሚሄድበት ቦታ፣ የሚያየው ስም ዝርዝር፣ የሚደውልበት ስልክ ያስፈልገዋል። ሆቴሎቹ እንግዳ ሲጠይቃቸው የሚሰጡት አንድ ወረቀት ቢኖራቸው ምን ያህል በጀት ይጠይቃል? እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ብዙ አይጠይቅም።

ሥልጠናውን በተመለከተ አደራ፣ በሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ተሰብስቦ ሰርተፊኬት ተቀብሎ መለያየት አይሁን። ልጆቹ መሬቱ ላይ ይሠልጥኑ። ታሪክ የሚያስተምሩ መምህራን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሉ። በየደብሩ ደግሞ ያልተጻፈውን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች አሉ። ሁለቱን ወገን ይዛችሁ ኮረብታው ላይ ውጡ። አስጎብኚው ሲፈተንም ዓመተ ምሕረት ብቻ አይጠየቅ። «ይህን ከማን ሰማህ? የት አነበብክ?» ተብሎ ይጠየቅ። የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት ይማር። ከእትዬ ዘንድ ያ ልጅ የተከበረው «አላውቅም» ባለ ጊዜ ነው።

የአልዩ አምባና የአርጎባ ልጆችም ይካተቱ። የአንኮበር ታሪክ የላይኛው ብቻ አይደለም። ከታች ያሉት ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ባይኖሩ ከላይ ያለው ግብር ቤት ከምን ይሞላ ነበር? የእነሱን ታሪክ እነሱ ቢነግሩን ይሻላል። ሴት አስጎብኚዎችም ይኑሩ። እትዬ አንዳንዱን ነገር ልጁን ለመጠየቅ አፍረው እኔን በጆሮዬ ይጠይቁኝ ነበር።

ዋጋ የሚባለው ነገርም ይስተካከል። የቀን ስንት ነው፣ የግማሽ ቀን ስንት ነው፣ የቤተ ክርስቲያን መግቢያ ስንት ነው፤ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ። እኔ ከልጁ ጋር ዋጋ መነጋገር ጨንቆኝ ነበር። እሱም ጨንቆት «የፈቀድሽውን» አለኝ። ሙያ ያለው ሰው የፈቀድሽውን እያለ ቤተሰብ አያስተዳድርም።

መንገዱንም አንድ ላይ አስቡት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ጫጫ ላይ ወደ አንጎለላ ይታጠፍ። ደብረ ብርሃን ይደር። ማታ የመንዝ ባና ደርቦ ይተኛ፤ ብርዱን ይቅመሰው። በማግሥቱ ገና በጠዋት አንኮበር ይውጣ፣ ጉልበት ካለው አልዩ አምባ ይውረድ። ሁለት ቀን ነው። አሁን ግን ሁሉም በአንድ ቀን ሮጦ ይመለሳል፤ ገንዘቡም ትዝታውም ነዳጅ ማደያ ላይ ይቀራል።

ጊዜው ለዚህ ነው ወይ እንደምትሉ አውቃለሁ። እንግዳ ከአገራችን ርቋል። መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ። እኛም ራሳችን የሄድነው መንገዱ ደኅና መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቀን ነው። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን እንግዳ ሲመለስ የሚቀበለው ሰው ከወዲሁ ካልተዘጋጀ፣ ያኔም ስልኩን እያነበበ የሚመራን ሌላ ሰው ከሌላ ከተማ እናስመጣለን።

ለምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። መኪናችሁን ከየትም ያዙ፤ አስጎብኚውን ግን ከቦታው ያዙ። ቀኑን አታጣብቡት። ነጠላና ወፍራም ሹራብ ያዙ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ጥያቄያቸውን ለመጠየቅ ጊዜ ስጧቸው።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ደወሉ። ክረምቱ ሳይገባ አልዩ አምባን ማየት ይፈልጋሉ፤ ያቺን ባልቴትም እንደገና መጠየቅ ይፈልጋሉ። «ያን ልጅ አደራ፣ ሌላ ሰው እንዳታመጪብኝ» አሉ። ለልጁ ደወልኩለት። ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ደብረ ብርሃን ነው ያለው። ባጃጅ እየነዳ ነው፤ ከጥር ወዲህ ያዞረው እንግዳ እኛን ብቻ ነው።

«ቀኑን ብቻ ንገሪኝ» አለኝ። «ለባለ ንብረቱ ነግሬ አንድ ቀን እወስዳለሁ።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደብረ ብርሃን ነዋሪ